ለካቶሊክ ባለትዳር የሚሆን የጸሎት ሥርዓት

መነኩሲት ሌሊት ተነሥታ ብትጸልይ ጥሪዋ ነው። የሦስት ልጆች እናት ያንኑ ሰዓት ልያዝ ካለች ግን ብዙ አትቆይም፤ እንቅልፍ ያጣች ሰው ጠዋት ልጆቹን ትቆጣለች፣ ባልየው ያኮርፋል፣ ጸሎቱም በዚያው ይቀራል። ጳጳሱ ቅዱስ ፍራንሲስ ዘሳለስ እ.ኤ.አ. በ1609 ባሳተመው መጽሐፉ ባለትዳሮች በድህነት ለመኖር እንደሚሳሉት የካፑቺን መነኮሳት ገንዘብ አንያዝ ቢሉ፣ የእጅ ባለሙያውም ሥራውን ትቶ ቀኑን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ቢውል መሳቂያ ይሆናሉ ብሏል። የካቶሊክ ጳጳሳት የተሰበሰቡበት ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1964 ቤተሰብን የቤት ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ብሎ ወላጆችን ለልጆቻቸው የመጀመሪያ የእምነት ሰባኪዎች አድርጓቸዋል። ስለዚህ ሥርዓቱ ለቤቱ ይለካ።

ጠዋት አንድ ደቂቃ ይበቃል። ስልክ ሳይነካ አማትቦ “ጌታ ሆይ፣ የዛሬ ሥራዬን፣ ድካሜንና ደስታዬን ተቀበል” ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ለታመመች አማት ገንፎ ማገንፋቱም የዚሁ መሥዋዕት ክፍል ነው።

ዋናው የማታው ነው። ሙሉ መቁጠሪያ (የእመቤታችን ጸሎት በዶቃ እየቆጠሩ)፣ ማለትም ከኢየሱስና ከማርያም ሕይወት የሚታሰቡ አምስት ምሥጢራት፣ ወደ 20 ደቂቃ ይወስዳል። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት በዚህ መጀመር ስሕተት ነው፤ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ትልቁ ይስቃል፣ አባት ይቆጣል፣ ልጆቹም ጸሎትን ከቁጣ ጋር ያያይዙታል። አንድ ምሥጢር ብቻ ያዙ፦ አንድ አባታችን ሆይ፣ 10 “ጸጋ የሞላሽ” የማርያም ጸሎት፣ አንድ ስብሐት ለአብ። አራት ደቂቃ አይሞላም። ከእራት በፊት ይሁን፤ ከበሉ በኋላ ግማሹ ያንቀላፋል፣ ግማሹ ወደ ቴሌቪዥን ይሄዳል። ሰኞና ቅዳሜ የደስታ፣ ማክሰኞና ዓርብ የሐዘን፣ ረቡዕና እሑድ የክብር፣ ሐሙስ ደግሞ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ2002 የጨመሩት የብርሃን ምሥጢር ነው። ማንበብ የቻለ ልጅ ምሥጢሩን ያውጅ፤ ያልቻለው መቁጠሪያውን ይያዝ። ይህን ለምደው ራሳቸው ሲጠይቁ ሁለተኛውን ጨምሩ። እስኪጠይቁ ድረስ ግን አትቸኩሉ።

ልጆቹ ሲተኙ አባት ወይም እናት በግንባራቸው ላይ የመስቀል ምልክት አድርገው ይባርኳቸው። ካህን አያስፈልግም፤ የተጠመቀ ሁሉ ሊባርክ ተጠርቷልና። እኛ ዘንድ ይህ በጣም ተረስቷል።

ኑዛዜ በወር አንዴ ቢሆን መልካም ነው። እዚህ ላይ የሚታየው ችግር ሰዎች “ጸሎት አስታጎልኩ” ብለው ተናዘው የሚወጡት መሆኑ ነው፤ ለሚስት የተነገረው ስድብ፣ ከባል የተደበቀው ዕዳ፣ የሠራተኛዋ የዘገየ ደሞዝ ሳይነሣ ይቀራል። የባለትዳር የሕሊና ምርመራ ከእነዚህ ይጀምር። የበደሉትንም የትዳር አጋር ከተቻለ ወደ ካህኑ ከመሄድ በፊት ይቅርታ ይጠይቁ፤ ማቴዎስ 5፥23-24 ከመባው በፊት ታረቅ ይላል።

ባል ወይም ሚስት ኦርቶዶክስ በሆኑበት ቤት፣ አገራችን ውስጥ ይህ ብዙ ነው፣ መቁጠሪያውን በግድ አታስይዙ። አባታችን ሆይና ከመዝሙረ ዳዊት አንዱን አብራችሁ ጸልዩ፣ የረቡዕና የዓርብ ጾምን ከቻላችሁ አብራችሁ ጹሙ፤ መቁጠሪያውን ለብቻ በመንገድ ላይ ወይም ታክሲ ውስጥ መድገም ይቻላል።