ክሪፕቶኮካል ማጅራት ገትር ምንድን ነው?

ማጅራት ገትር ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው በበጋ ወራት ወረርሽኝ ሆኖ የሚመጣውን፣ ሰውን በድንገት የሚጥለውን በሽታ ነው። ይሄኛው ግን ሌላ ነው። የሚያመጣው ክሪፕቶኮከስ የሚባል ፈንገስ ነው። ፈንገሱ አፈር ውስጥ፣ በተለይ የርግብ ኩስ ባለበት ይኖራል። ከአቧራ ጋር ተስቦ ሳንባ ይገባል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ታማሚውን መሸሽ አያስፈልግም። ጤነኛ ሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት ሳያደርስ ይቀራል። ጉልበት የሚያገኘው የሰውነት መከላከያ አቅም ሲደክም ነው። በተለይ ኤችአይቪ በደሙ ያለበት ሰው ሲዲ ፎሩ (የመከላከያ ሴሎቹ ቁጥር) ከ100 በታች ሲወርድ አንጎል ድረስ ይዘልቃል።

ክፋቱ ቀስ ብሎ መምጣቱ ነው። ራስ ምታቱ ለሳምንታት ይቆያል። ትኩሳቱ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ አንገትም ላይገተር ይችላል። ሐዋሳ ላይ እንዲህ ያለ ራስ ምታት ቶሎ የሚሰጠው ስም ሳይነስ ወይም ታይፎይድ ነው። ማስታገሻ ይገዛል፣ ጸበል ይጠመቃል፣ ቀኑ ይሄዳል። ትውከት፣ የዓይን ብዥታና መቀባዠር ሲጨመሩ ወደ ሪፈራል ይሮጣል። ጸበሉንም ሕክምናውንም አብሮ ማስኬድ ይቻላል፤ ሕክምናው ግን አይዘግይ።

ሐኪሙ «ከጀርባ ውሃ እንውሰድ» ሲል ብዙ ቤተሰብ እምቢ ይላል። «ሽባ ያደርጋል» ይባላል። «እገሌ ከተወሰደለት በኋላ አረፈ» ይባላል። እኔን ከምንም በላይ የሚያስጨንቀኝ ይሄ ፍርሃት ነው። የአዋቂ ሰው ህብለ ሰረሰር የሚያበቃው የላይኛው ወገብ አካባቢ ነው። መርፌው የሚገባው ከዚያ በታች ነው። አንጎል ውስጥ እብጠት ከተጠረጠረ ደግሞ አስቀድሞ ሲቲ ስካን ይታዘዛል። ለተወሰኑ ቀናት ወገብ ወይም ራስ ሊያም ይችላል፤ ይሄ ያልፋል።

ደግሞም ውሃውን መውሰድ ምርመራ ብቻ አይደለም፤ ራሱ ሕክምና ነው። ፈንገሱ አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን የከበበውን ፈሳሽ መውጫ ስለሚዘጋ ጭንቅላት ውስጥ ግፊት ይጨምራል። ዓይን ሊያጠፋ፣ ሊገድልም ይችላል። ግፊቱ በውሃ ከፍታ ሲለካ ከ25 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ፈሳሹ ይቀነሳል፤ አንዳንዴም በየቀኑ። ብዙዎች ያን ጊዜውኑ ራሳቸው ቀለል ይላቸዋል። የተወሰደው ፈሳሽ ከጥቁር ቀለም ጋር ተቀላቅሎ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ክራግ የሚባለው ፈጣን ምርመራ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ መልስ ይሰጣል።

መድኃኒቶቹ አምፎተሪሲን ቢ፣ ፍሉሳይቶሲንና ፍሉኮናዞል ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ያስቀደመው አሰጣጥ፣ ሊፖሶማል የሚባለውን የአምፎተሪሲን ዓይነት አንድ ጊዜ ብቻ በከፍተኛ መጠን በደም ሥር ሰጥቶ የሁለቱን ክኒኖች ለ14 ቀናት ማስከተል ነው። ከዚያ ፍሉኮናዞል ለረጅም ጊዜ ይቀጥላል። የኤችአይቪ መድኃኒት ላልጀመረ ታማሚ ጅማሬው ከ4 እስከ 6 ሳምንት እንዲቆይ ይደረጋል። ቤተሰብ ይሄን ቸልተኝነት አድርጎ እንዳያየው። ቶሎ ቢጀመር የሚያገግመው መከላከያ አንጎል ውስጥ ከባድ ብግነት ሊቀሰቅስ ይችላል።

ክራግ የሚለየው የፈንገሱ ምልክት ራስ ምታቱ ከመጀመሩ ሳምንታት ቀድሞ ደም ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ሲዲ ፎሩ ከ100 በታች የሆነ ሰው፣ ምንም ሳያመውም ቢሆን፣ በክትትል ቀኑ ስለ ክራግ የደም ምርመራ ሐኪሙን ይጠይቅ።