የላይና የታች ጥርስ አገጣጠም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ ክሊኒክ ጥርስ አክማለሁ። ወደዚህ የሚመጣ ታካሚ ብዙውን ጊዜ የሚነግረኝ ስለ አንድ ጥርስ ብቻ ነው፤ «ይቺ ናት ያመመችኝ፣ ትነቀልልኝ» ይላል። ጥርስ ግን ብቻውን አያኝክም፤ የላይኛው ከታችኛው ጋር ተጣምሮ ነው የሚሠራው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስሕተቶች አብዛኞቹ ይህን ጥምረት ከመዘንጋት የመጡ ናቸው።

«ጤናማ ጥርስ ጫፍ ለጫፍ የሚገናኝ ነው።»

እውነታው፦ የላይኛው ረድፍ ከታችኛው ሰፋ ስለሚል እንደ አገልግል ክዳን ከውጭ በኩል ያቅፈዋል። ጥርስ ሲገጥም የላይኞቹ የፊት ጥርሶች የታችኞቹን ቁመት ሲሶ ያህል ይሸፍናሉ፤ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትርም ወደ ፊት ይቀድማሉ። ከኋላ ደግሞ የአንዱ መንጋጋ ጥርስ ጉብታ በተቃራኒው ጥርስ ጎድጓዳ ቦታ ያርፋል፤ ቆሎ የሚደቀው በዚህ መካከል ነው። እያንዳንዱ ጥርስ ከሁለት ተቃራኒ ጥርሶች ጋር ይገናኛል፤ ከዚህ ውጭ የሆኑት ሁለቱ የታች መካከለኛ የፊት ጥርሶችና የላይኞቹ የመጨረሻ መንጋጋዎች ብቻ ናቸው። ስለዚህ የፊት ጥርሱ ጥቂት የቀደመ ልጅ ሁሉ ገጣጣ አይደለም፤ እንደ ውበት የምንቆጥረው ፍንጭትም በራሱ የአገጣጠም ጉድለት አይባልም።

«አፍ ሲዘጋ ጥርስም መግጠም አለበት።»

እውነታው፦ ከንፈር ተዘግቶ ጡንቻ ሲያርፍ በላይና በታች ጥርስ መካከል ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኖራል። ጥርሶች የሚነካኩት በተለይ ስናኝክና ስንውጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ጥርሱን ነክሶ የሚውል ሰው ማታ ላይ ጆሮ ግንዱን ቢያመው አያስደንቅም። ልጆች በእንቅልፍ ልባቸው ጥርስ ሲያፋጩ «ወስፋት ነው» ተብሎ መድኃኒት የሚሰጥበት ልማድም አለ፤ ማፋጨት ግን አንጎል በእንቅልፍ መካከል ለቅጽበት ሲነቃቃ የሚከሰት የጡንቻ እንቅስቃሴ ሲሆን፣ ብዙ ልጆችን እያደጉ ሲሄዱ ይተዋቸዋል።

«በስድስት ዓመት የሚበቅለው መንጋጋ የወተት ጥርስ ነው፤ ቢነቀል ይተካል።»

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት የስምንት ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ፤ የታችኛው ቀኝ መንጋጋው መሃሉ ጠቁሮ ተቦርቡሯል። «ዶክተር፣ ይንቀሉልኝና ይረፍ፤ የወተት ስለሆነ ሌላ ያበቅላል» አሉኝ። መስታወት ሰጠኋቸውና ከመሃል ጀምረን አብረን ቆጠርን፤ የታመመው ስድስተኛው ሆነ። የወተት ጥርሶች በጠቅላላ 20 ናቸው፤ በየሩቡ አምስት ማለት ነው፤ ስድስተኛ የሚባል የወተት ጥርስ የለም። ይህ ጥርስ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ከረድፉ ጀርባ ተደብቆ ስለሚበቅል ወላጅ መምጣቱን አያውቅም፤ ሲታመም ደግሞ ከወተቶቹ ጋር ይቆጥረዋል። አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ኤድዋርድ አንግል እ.ኤ.አ. በ1899 የጥርስ አገጣጠምን በሦስት ሲመድብ መለኪያ ያደረገው ይህንኑ የመጀመሪያ ቋሚ መንጋጋ ነበር፤ የላይኛው የፊተኛ ጉብታ በታችኛው ጥርስ ውጫዊ ቦይ ላይ ማረፉን በማየት ነው። ይህ ጥርስ ከታች ሲነቀል ከኋላው ያለው ወደ ክፍተቱ ያዘነብላል፣ ከላይ ያለው ተቃራኒው ደግሞ የሚያቆመው ስለማያገኝ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርዳል፤ በዚህም ምክንያት ምግብ የሚሰነቀርበት ቦታ ይፈጠራል፣ የማኘኩም ሥራ ወደ ሌላኛው ጎን ይዞራል። የልጁን ጥርስ የተበላሸውን ክፍል አውጥተን ሞላነው፤ አልተነቀለም።

«ሕፃን ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው ግግ ነው፤ ይውጣለት።»

እውነታው፦ በድድ ላይ አበጥ ብሎ የሚታየው ገና ያልበቀለ የወተት ክራንቻ እንጂ በሽታ አይደለም። በንጹሕ ባልሆነ ስለት ተፍቆ ሲወጣ ሕፃኑ ይደማል፣ ይመረቅዛል፤ ሥሩ አጠገብ ያለው የቋሚው ክራንቻ ጽንስም ሊጎዳ ስለሚችል ጥርሱ ከዓመታት በኋላ ተበላሽቶ ይወጣል ወይም ሳይወጣ ይቀራል። ክራንቻ የረድፉ ማዕዘን ነው፤ የታችኛው የመንጋጋ አጥንት ወደ ጎን ሲንቀሳቀስም መንገድ የሚመራው እርሱ ነው። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የሚያስፈልገው ኦ አር ኤስና ጤና ጣቢያ ነው፤ እባካችሁ ለአያቶችም በትሕትና አስረዱልን።

«የተሞላ ጥርስ ከፍ ቢል በጊዜ ይላመዳል።»

እውነታው፦ ጥርስ በመካከሉ የገባውን ከፀጉር የቀጠነ ነገር እንኳ ይለያል። ሙሌቱ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚነካ ከሆነ የንክሻው ኃይል በዚያ ጥርስ ላይ ይወድቃል፤ ጥርሱ ሲነከስ ያማል፣ ሙሌቱም ሊሰነጠቅ ይችላል። ማደንዘዣው ሲለቅ «ይቺ ቀድማ ትነካለች» የሚል ስሜት ካለ ሳይዘገዩ መመለስ ነው። ሐኪሙ ባለ ቀለም ስስ ወረቀት ያስነክሳል፤ ቀለሙ የደመቀበትን ነጥብ በጥቂቱ ይሞርዳል፣ እንደገና ያስነክሳል። ሥራው የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም መርፌ አይፈልግም።