ይቅርታ በክርስትና ሕይወት

ይቅርታ በክርስትና ትምህርት የበደለን ሰው ከበደሉ ዕዳ ነጻ መልቀቅ፣ ቂምንና በቀልንም መተው ነው። አማርኛው «ይቅር» የሚወጣው «ቀረ» ከሚለው ግስ ነው፤ ይቅር የሚል ሰው ነገሩ ከዚህ ይቅር፣ ከእኔ ጋር አይሂድ ማለቱ ነው። አዲስ ኪዳን በተጻፈበት በግሪክኛም «አፊየሚ» የሚለው ቃል መተውን፣ መልቀቅን ይገልጻል። ወንጌላዊው ማቴዎስ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ትተው ኢየሱስን እንደ ተከተሉ ሲጽፍ የተጠቀመው ይህንኑ ግስ ነው። ይቅርታን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ሥዕል አላውቅም፤ እጅ ጨብጦ የያዘውን ሲለቅ።

የይቅርታ ልማድ በየቀኑ የሚታደሰው በጸሎት ነው። በ«አባታችን ሆይ» ውስጥ ካሉት ልመናዎች የለማኙን የራሱን ሥራ አብሮ የሚጠቅሰው አንዱ ብቻ ነው፤ «እኛም ደግሞ የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው። ጸሎቱ እንዳበቃም ኢየሱስ ተመልሶ ያብራራው ስለ እንጀራ ወይም ስለ ፈተና የተባለውን ሳይሆን ይህንኑ ነው።

ጴጥሮስ የበደለውን ወንድሙን ስንት ጊዜ ይቅር እንደሚል፣ «እስከ ሰባት ጊዜን?» ብሎ ሲጠይቅ ያገኘው መልስ «እስከ ሰባ ጊዜ ሰባት» የሚል ነበር፤ የባሪያው ምሳሌም ተከተለ። ሒሳቡን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ባሪያው ለንጉሡ የነበረበት ዕዳ እልፍ (10,000) መክሊት ነው። አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ስለሆነ ጠቅላላው 60 ሚሊዮን ዲናር ይሆናል። አንድ ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነበርና፣ ያለ ዕረፍት ቢሠራ እንኳ ከ164,000 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ይህ ሁሉ ተትቶለት ሲወጣ 100 ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አነቀው። መቶ ዲናር ደግሞ ትንሽ ገንዘብ አይደለም፤ ከሦስት ወር በላይ የተለፋበት ነው። ምሳሌው የተበደለውን ሰው «የደረሰብህ ቀላል ነው» አይለውም። የሚጠይቀው ለራሱ ከተተወለት ዕዳ ጎን አስቀምጦ እንዲያየው ነው።

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እንደሚባለው፣ ቂምና አምልኮ አብረው አይሄዱም። መባ ይዞ መሠዊያው ፊት የቆመ ሰው ወንድሙ እንዳዘነበት ካሰበ፣ መባውን እዚያው ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ ታዝዟል። ዲዳኬ የተባለው ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን መመሪያም ከባልንጀራው ጋር የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ወደ ጉባኤው እንዳይገባ ይከለክላል።

ቤተ ክርስቲያን ራሷ ይቅር ማለትን የተማረችው በከባድ ፈተና ነው። እ.ኤ.አ. በ250 የሮም ንጉሠ ነገሥት ዴክዮስ ሕዝቡ ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋ ሲያዝ ብዙ ክርስቲያኖች ፈርተው ታዘዙ። ስደቱ ሲበርድ ግን እያለቀሱ ተመለሱ። በሮም ኖቫትያን የተባለ ካህን በሩ እንዲዘጋባቸው ተከራከረ። በሰሜን አፍሪካዋ ካርታጎ ጳጳሱ ቆጵርያኖስ የመራው የ251 ጉባኤ ግን ንስሐ ገብተው እንዲመለሱ ፈቀደ። ከዘመዶቻቸው መካከል በእምነታቸው ጸንተው የሞቱባቸው ሰዎች ከእነዚህ ተመላሾች ጎን መቆም ምን ያህል እንደ ከበዳቸው መገመት አያዳግትም። በኋላ ዘመን ንስሐ ከአደባባይ ወደ ግል ኑዛዜ አዘነበለ፤ በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን በሮም የተደረገው የ1215ቱ የላተራን ጉባኤ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ መናዘዝን ግዴታ አደረገ። ፕሮቴስታንቶች በአብዛኛው በቀጥታ ለእግዚአብሔር መናዘዝን ያስቀድማሉ።

እንደ ግሪክና ሩሲያ ባሉ፣ በቢዛንታይን ሥርዓት በሚያመልኩ ኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ከዐቢይ ጾም በፊት ያለው የመጨረሻ እሑድ «የይቅርታ እሑድ» ይባላል። በማታው ጸሎት ካህኑ በምእመናን ፊት ሰግዶ ይቅርታ ይለምናል፤ ከዚያም ሁሉም ተራ በተራ እየተጎነበሱ «ይቅር በለኝ» ይባባላሉ፤ መልሱም «እግዚአብሔር ይቅር ይበል» ነው። የተቀያየሙ ጎረቤታሞች ሰልፉ ወደ እርስ በርሳቸው ሲያቀርባቸው መሸሸጊያ የላቸውም።

ይቅርታን ለክፉ ሲጠቀሙበትም ታይቷል። ተደብድባ የምትኖርን ሚስት «ይቅር በይና ተመለሺ» ማለት ወንጌልን ማጣመም ነው። ይቅርታ የተበዳዩ ድርሻ ነው፣ አንዱ ወገን ብቻውን ሊፈጽመው ይችላል። ዕርቅ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ የበዳዩን ንስሐና የታደሰ መተማመንንም ይጠይቃል። ሉቃስ ላይ «ይቅር በለው» ከመባሉ በፊት «ገሥጸው» ተብሏል።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መሪ የነበሩት ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. ግንቦት 13 ቀን 1981 በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ በቱርካዊው መህመት አሊ አጃ ጥይት ቆሰሉ። ገና ሆስፒታል ሳሉ በአራተኛው ቀን በተሰራጨ ድምፃቸው ይቅር እንዳሉት ተናገሩ። በታኅሣሥ 1983 ወደ እስር ቤቱ ሄደው በጠባቧ ክፍል ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግተው በዝግታ አወሩት፤ የተነጋገሩትንም በሁለታቸው መካከል የሚቀር ምስጢር ነው አሉ። በሩ ግን አልተከፈተለትም። አጃ የጣልያን ፕሬዚዳንት ምሕረት እስኪያደርጉለት፣ እስከ 2000 ድረስ በጣልያን ታስሮ ቆየ፤ ከዚያም በሌላ ወንጀል፣ በነፍስ ግድያ፣ ወደምትፈልገው ወደ ቱርክ ተላለፈ።