«ሕዝቡ ሙዚቃ አይገባውም» ለምንል ሙዚቀኞች

ጅማ ውስጥ በሠርግና በሆቴል ኪቦርድ እጫወታለሁ። ማታ ዕቃ ስንሰበስብ ከመሃላችን አንዱ «ባክህ፣ ይሄ ሕዝብ ሙዚቃ አይገባውም» ማለቱ አይቀርም። እኔም ለዓመታት ብያለሁ። አሁን አላምንበትም።

«ያልተማረ ጆሮ ልዩነት አይሰማም»

ይሰማል። ብዙ ሰው አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን፣ በስም አይለያቸውም። ግን አንድ ሠርግ ላይ ትዝታ ሜጀር እየተጫወትኩ ለማንም ሳልናገር ወደ ማይነር ገባሁ። የተለወጡት ሁለት ድምፆች ብቻ ናቸው፤ ሚ እና ላ በግማሽ ቃና ዝቅ አሉ። ዜማው ያው፣ ምቱ ያው። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት በኋላ ጠርተውኝ «ልጄ፣ መሃል ላይ ምን ከፋህ?» አሉኝ። ሚ እና ላ የሚባል አያውቁም። የሆነውን ግን ከእኛ ከአጃቢዎቹ ቀድመው ሰምተዋል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ሌቪቲን እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ጥናት ሰዎች የሚወዱትን ዘፈን በቃላቸው እንዲዘፍኑ አድርጎ ነበር። ያለ ምንም መሣሪያ ብዙዎቹ ከቀረጻው ቃና ብዙም አልራቁም።

«ምት የሚይዘው የለመደ ነው»

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ የተወለዱ ሁለት ሦስት ቀን የሆናቸው ሕፃናት እንኳ ዋናው ምት ሲጎድል አእምሯቸው ያውቀዋል። ያውም ተኝተው! የችክችካ ምት ሲመታ አዳራሹ ሁሉ አንድ ላይ ሲያጨበጭብ ማን አስተማራቸው?

«ካልጨፈረ አልገባውም»

ይሄ በተለይ ለጅማ አይሠራም። መንዙማን ሙዚቃ ነው ማለቴ አይደለም፤ ለዱዓ ነው። ግን መንዙማ ሲባል አድማጩን እዩት። ቁጭ ብሎ ይሰማል፣ ቦታውን ጠብቆ ይቀበላል። አንድ ጊዜ እንኳ ቀድሞ አይገባም። እንዲህ ያለ ጆሮ ይዞ የመጣ ሰው ፊታችን ዝም ብሎ ሲቀመጥ «ደነዘዘ» እንላለን። ያሳዝነኛል።

«ጃዝ ለጅማ ሰው አይሆንም»

የኢትዮ ጃዝ አባት ሙላቱ አስታጥቄ የተወለደው እዚሁ ጅማ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1943። ጃዝን የተማረው ባሕር ማዶ ቢሆንም፣ የጃዝ ኮርድ ያለበሰው የኛኑ ባለአምስት ድምፅ ቅኝት ነው። እኛ ሆቴል ውስጥ ስንሞክረው ሰው ወሬውን ቀጠለ። ተናደድን። ለካ ዜማውን ሳናሰማ በቀጥታ ሶሎ (አንዱ ብቻውን እየፈጠረ የሚጫወትበት ክፍል) ውስጥ ገብተን ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ዜማውን ሁለቴ በቀስታ ተጫወትነው፤ ከዚያ ሶሎ። ፊት ለፊት ያለው ጠረጴዛ በጣት መመታት ጀመረ።