ስታክ ለዛፍ ጉብኝት፦ በሲ የትኛውን እንምረጥ?

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ሰው ዳታ ስትራክቸርና አልጎሪዝም ከሚባለው ኮርስ አያመልጥም። እዚያ ውስጥ ስታክ አንድ ምዕራፍ ነው፣ ዛፍ (ዳታን ከአንድ ሥር ወደ ቅርንጫፎች የሚያደራጅ መዋቅር) ሌላ ምዕራፍ። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ግን ቶሎ ይታለፋል። «ዛፉን ያለ ሪከርሽን (ራሱን በሚጠራ ፈንክሽን ሳይሆን) ጎብኝ» ይባላል፣ ስታኩ በሊንክድ ሊስት (እያንዳንዱ የቀጣዩን አድራሻ በሚይዝበት ዝርዝር) ይሠራል፣ በቃ። የትኛው ስታክ ለየትኛው ዛፍ እንደሚሆን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

በሲ የፕሮግራም ቋንቋ ይህን ጥያቄ መዝለል አይቻልም። ሲፕላስፕላስ በስታንዳርድ ላይብረሪው ዝግጁ ስታክ አለው። ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቤል ላብስ የፈጠረው ሲ ግን የለውም። ሜሞሪ የሚወስዱ፣ ስፋቱን የሚቀይሩና የሚመልሱ ማሎክ፣ ሪአሎክና ፍሪ የተባሉ ፈንክሽኖችን ይሰጣል፤ ቀሪውን ራስህ ተወጣው ነው የሚለው።

ስታክ መጨረሻ የገባው መጀመሪያ የሚወጣበት መዋቅር ነው። ሞሰብ ውስጥ እንደተደራረበ እንጀራ፣ የሚነሳው ከላይ ያለው ነው። ጀርመናውያኑ ፍሬድሪክ ባወርና ክላውስ ሳሜልሰን እ.ኤ.አ. በ1957 በዚህ ሐሳብ የፓተንት ማመልከቻ አስገብተዋል። አላን ቱሪንግም ከእነሱ ቀደም ብሎ፣ በ1940ዎቹ አጋማሽ፣ ተመሳሳይ ነገር አስቦ ነበር። ለዛፍ ጉብኝት የሚያስፈልገው በቀላል ምክንያት ነው። ኖድ የሚባለው የዛፉ አንድ ነጥብ ሁለት ልጆች (ከሥሩ የተያያዙ ኖዶች) ካሉት፣ ወደ ግራው ስንወርድ የቀኙን አድራሻ አንድ ቦታ ማስቀመጥ አለብን። ደረጃ በደረጃ ለሚወርድ ጉብኝት የሚሆነው ኪው (መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ የሚወጣበት) ነው፤ እሱን እዚህ አንነካውም።

መጀመሪያ ጥልቀቱን

ብዙ ሰው የሚያየው የኖዱን ብዛት ነው። ለስታክ ግን ብዛቱ ሳይሆን ጥልቀቱ ነው ወሳኙ። ሚዛኑን ፍጹም የጠበቀ የ1 ሚሊዮን ኖድ ዛፍ 20 ደረጃ ብቻ ነው ያለው። ሚዛኑን ራሱ የሚያስተካክለው ኤቪኤል ዛፍ ቢከፋ ቢከፋ የዚህን 1.44 እጥፍ ገደማ ይጠልቃል። ሌላው እንደሱ ያለው ሬድ ብላክ ዛፍ 2 እጥፍ ገደማ። እና 40 ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) የሚይዝ አሬይ (ተከታታይ የሜሞሪ ቦታ) ለ1 ሚሊዮን ኖድ ይበቃል ማለት ነው። በ64 ቢት ማሽን 320 ባይት ብቻ። ቤን ፋፍ የጻፈው ሊብኤቪኤል የተባለው የሲ ላይብረሪም ለኤቪኤል ዛፍ 92፣ ለሬድ ብላክ ዛፍ 128 ቦታ ያለው ቋሚ አሬይ ይዞ ነው የሚጓዘው። 64ን በ1.44 እና በ2 ብናበዛ የሚመጡት ቁጥሮች ናቸው።

ለጎጃም ሰው የሚቀርበው ዛፍ ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው፤ የርስት ቆጠራ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ፣ መሬት ይገባኛል የሚል ገበሬ የዘር ሐረጉን እስከ አቅኚ አባቱ ድረስ ይቆጥር ነበር። ያን ሐረግ ወደ ሲ ስትራክት (የአንድን ነገር መረጃዎች አብሮ ወደሚይዝ መዋቅር) እናምጣው። 20 ትውልድ ቢቆጠርና እልፍ ሰው ቢገባበት ጥልቀቱ ያው 20 ነው። ሪከርሽንም ይችለዋል፣ ትንሽ አሬይም ይችለዋል።

ሁለት ነገር ግን ያስቸግራል። አንደኛ፣ እዚህ ዛፍ ላይ ልጅ ሁለት ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ሰው 8 ልጅ ካለውና ሁሉንም በአንዴ ፑሽ ካደረግን (ስታኩ ላይ ካስቀመጥን)፣ በየደረጃው አንዱ ወጥቶ 7 ይቀራል። 10 ደረጃ ስንወርድ ስታኩ ላይ 71 ኖድ ተከምሯል። ኖዱ «የመጀመሪያ ልጅ» እና «ቀጣይ ወንድም» የሚሉ ሁለት ፖይንተሮች ብቻ እንዲይዝ ካደረግን ግን ስታኩ ከየደረጃው አንድ አንድ ነው የሚያስቀምጠው። 71 የነበረው ወደ 10 ይወርዳል።

ሁለተኛው ይብሳል። ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠራል። ሰባት ቤት ካለፈ ደግሞ መጋባት ይቻላል። ስለዚህ አንድ ሰው ከአንድ አቅኚ አባት በሁለት መስመር ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ ነገሩ ዛፍ መሆኑ ቀርቶ ግራፍ ይሆናል። የዛፍ ኮድ ያንን ሰው ከነልጅ ልጆቹ ሁለቴ ይጎበኘዋል። «ቀጣይ ወንድም» የሚለው ፖይንተር አንድ ብቻ ስለሆነም፣ ሰውዬውን በሁለት ቤት ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ራሱ አይቻልም። እዚህ ላይ ስታክ መቀየር ምንም አያድንም። የኖዱን ቅርጽ መቀየርና «ተጎብኝቷል» የሚል ምልክት መጨመር ነው ያለው።

ሪከርሽን፣ የማይታየው ስታክ

ሪከርሽንም ስታክ ነው፤ የምናስተዳድረው እኛ አይደለንም እንጂ። ስፋቱን የሚወስኑት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙና ሊንከሩ (የተጠናቀሩ ክፍሎችን አያይዞ ፕሮግራም የሚያደርገው መሣሪያ) ናቸው። በሊኑክስ ለዋናው ትሬድ (ለፕሮግራሙ ዋና የሥራ መስመር) የተለመደው ገደብ 8 ሜጋባይት ነው። የቪዥዋል ስቱዲዮ ሊንከር 1 ሜጋባይት ይሰጣል። አንድ ጥሪ 64 ባይት ይወስዳል ብንል፣ በሊኑክስ ወደ 131,000፣ በቪዥዋል ስቱዲዮ ወደ 16,000 ጥሪ ይሆናል። ሚዛን ለጠበቀ ዛፍ ይህ ተርፎ ይፈስሳል። እንዲህ ያለ ዛፍ የያዘ ሰው ዝም ብሎ በሪከርሽን ቢጽፍ ነው የሚሻለው። ኮዱ አጭር ነው፣ የሚነበብ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ሚዛን ሲጠፋ ነው። የአንድ ወረዳ ነዋሪዎች ስም በፊደል ተራ ተደርድሮ መጣ እንበል፤ 200,000 ስም። ተራ ባይናሪ ሰርች ዛፍ (የሚቀድመው በግራ፣ የሚከተለው በቀኝ የሚገባበት) ውስጥ በዚያው ቅደም ተከተል ስናስገባው እያንዳንዱ ስም ከቀደመው በስተቀኝ ይገባል። ስሙ በግዕዝ ፊደል መጻፉ ነገሩን አይለውጠውም። ጽሑፉ የሚቀመጥባቸው የዩቲኤፍ 8 ባይቶች የዩኒኮድን (የዓለም ፊደላት የቁጥር ሰንጠረዥን) ቅደም ተከተል ስለሚከተሉ፣ የሲ የጽሑፍ ማወዳደሪያ ፈንክሽን ሀን ከለ ያስቀድማል። ውጤቱ ሰንሰለት ነው፤ 200,000 ደረጃ።

አሁን የሚያናድደው ነገር ይመጣል። በቀኝ ሰንሰለት ላይ የኢንኦርደር (ግራውን፣ ኖዱን፣ ቀኙን በተራ የሚጎበኝ) ሪከርሽን የመጨረሻ ሥራው ቀኙን ልጅ መጥራት ነው። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር በኦ2 የኦፕቲማይዜሽን (ኮዱን የማፍጠን) ደረጃ ሲያጠናቅር ያን የመጨረሻ ጥሪ ወደ ሉፕ ሊለውጠው ይችላል። ፕሮግራሙ በሰላም ያልፋል። ያለ ኦፕቲማይዜሽን ሲጠናቀር ግን ያው ኮድ፣ በዚያው ዳታ፣ በሴግመንቴሽን ፎልት (ያልተፈቀደ ሜሞሪ በመንካት) ሊወድቅ ይችላል። በዲበገር ሲሞከር የሚፈርስ፣ ለደንበኛ ሲሰጥ የሚሠራ ፕሮግራም ማለት ነው። ዝርዝሩ ከመጨረሻው ፊደል ወደ መጀመሪያው ሲመጣ ደግሞ ሰንሰለቱ ወደ ግራ ይዞራል። የግራው ጥሪ የመጨረሻ ሥራ አይደለም፤ ከሱ በኋላ ኖዱን ማንበብ አለ። ያኔ ኦ2ም አያድነውም።

በራሳችን ስታክ ስንሠራ ስሌቱ ይለያል። ኢንኦርደር በቀኝ ሰንሰለት ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ኖድ ብቻ ነው የሚያስቀምጠው፤ በግራ ሰንሰለት 200,000ውንም ያስቀምጣል። ኖዱን ከልጆቹ በፊት የሚጎበኘው ፕሪኦርደር ደግሞ፣ መጀመሪያ ቀኙን ቀጥሎ ግራውን ፑሽ ካደረገ፣ በሁለቱም ሰንሰለት ከአንድ አያልፍም። እሱን የሚያስጨንቀው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለው ዛፍ ነው፤ ወደ ግራ የሚወርድ ግንድ፣ በየደረጃው አንዲት የቀኝ ቅጠል። ኖዱን ከልጆቹ በኋላ የሚጎበኘው ፖስትኦርደር ግን ከልጆቹ በፊት ወላጁን መልቀቅ ስለማይችል፣ ሰንሰለቱ በየትም ቢዞር መንገዱን ሙሉ ይይዛል።

አሬይ ወይስ ሊንክድ ሊስት

ጥልቀቱ ከታወቀ ቋሚ አሬይ ይበቃል። ማሎክ የለም፣ ፍሪ የለም። የሚያስፈልገው ፑሽ ከማድረግ በፊት ወሰኑን መፈተሽ ብቻ ነው። «አይሞላም» ብሎ ፍተሻውን መዝለል የሲ የታወቀ በሽታ ነው።

ጥልቀቱ የማይታወቅ ከሆነ የሚያድግ አሬይ። በ16 ቦታ እንጀምር፣ በሞላ ቁጥር እጥፍ እናድርገው። 16 ጊዜ ካጠፍን 1,048,576 ቦታ ደርሰናል። በመሀል የሚገለበጠው ዳታ ሁሉ ተደምሮ ከመጨረሻው ስፋት ስለማይበልጥ፣ አንድ ፑሽ በአማካይ ርካሽ ነው። በ10 በ10 እያሉ ማሳደግ ግን ዋጋውን ያንረዋል። ሁለት ጥንቃቄ አለ። የሪአሎክን ውጤት በቀጥታ በዋናው ፖይንተር ላይ መጻፍ አይገባም፤ ቦታ ጠፍቶ ነል (ባዶ አድራሻ) ከመለሰ የድሮው አሬይ አድራሻ አብሮ ይጠፋል። በጊዜያዊ ፖይንተር ይቀበሉታል። ሌላው፣ ሪአሎክ አሬዩን ወደ ሌላ ቦታ ሊያዛውረው ስለሚችል የስታኩን አናት በኢንዴክስ እንጂ በፖይንተር መያዝ ጥሩ አይደለም። ፖይንተሩ ሳይታወቅ ወደ ተለቀቀ ሜሞሪ ሲያመለክት ይገኛል።

ሊንክድ ሊስት በወረቀት ላይ ያምራል። በማሽን ላይ ግን ለእያንዳንዱ ፑሽ ማሎክ፣ ለእያንዳንዱ ፖፕ (ከስታኩ ማውጣት) ፍሪ ይጠራል። አንድ አድራሻ ለማስቀመጥ 16 ባይት ይጠይቃል፤ 64 ቢት ሊኑክስ ላይ ግሊብሲ የተባለው የሲ ላይብረሪ ማሎክ በተግባር 32 ባይት ይመድብለታል። አሬዩ 8 ባይት ነው የሚወስደው። አራት እጥፍ! ኖዶቹም በሜሞሪ ውስጥ ስለሚበታተኑ ካሹ (የፕሮሰሰሩ ፈጣን ሜሞሪ) አይረዳም። የሚሻልበት ቦታ አለ፤ ስታኩ ሲያድግ ዳታው ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ ከተፈለገ፣ ወይም አንዱም ፑሽ በመገልበጥ ምክንያት እንዳይዘገይ ከተፈለገ። ለዛፍ ጉብኝት ግን ይህ ብርቅ ነው።

ያለ ስታክ የሚያልፉም አሉ። በሊኑክስ ከርነል የሬድ ብላክ ዛፍ እያንዳንዱ ኖድ የወላጁን አድራሻ ስለያዘ፣ ወደ ቀጣዩ ለመሄድ ስታክ አይፈልግም። የኖዱ ቀለም እንኳ በዚያው አድራሻ ትርፍ ቢት ውስጥ ተሸጉጧል። የሞሪስ ዘዴ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመው፣ ባዶ የቀኝ ፖይንተሮችን ለጊዜው ተበድሮ መመለሻ መንገድ ይሠራባቸዋል። ብልህ ነው። ነገር ግን ጉብኝቱ እስኪያልቅ ዛፉ የተበላሸ ስለሆነ ሌላ ትሬድ እያነበበው ከሆነ አይሆንም።

ሜሞሪ በጣም ጠባብ ሲሆን ምርጫው ይቀልላል። እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቭየት ኅብረት ድጋፍ የተመሠረተው የባሕር ዳሩ ፖሊ ውስጥ የሚማር ልጅ፣ ለቆጋ መስኖ የአፈር እርጥበት የሚለካ ነገር አርዱዪኖ ኡኖ አር3 በተባለች ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ ሊሠራ አሰበ እንበል። ሰሌዳው ያለው ራም 2 ኪሎባይት ነው። ፖይንተር እዚያ 2 ባይት ስለሆነ የ32 ቦታ አሬይ 64 ባይት ብቻ ይወስዳል። ሊንክድ ሊስትንና የሚያድግ አሬይን እዚያ አለማንሳት ነው።

የቀረው ዛፉን ማፍረስ ነው። ፍሪ የሚደረገው ከልጆች ጀምሮ ስለሆነ ፖስትኦርደር ይፈለጋል፤ በሰንሰለት ላይ በጣም ጥልቅ ስታክ የሚፈልገውም እሱ ነው። ሌላ መንገድ አለ። ሥሩ የግራ ልጅ ካለው ዛፉን ወደ ቀኝ አሽከርክሮ ያንን ልጅ ሥር ማድረግ፤ ከሌለው የቀኙን አድራሻ ይዞ ሥሩን መልቀቅና በቀኙ መቀጠል። ሊብኤቪኤልም ዛፉን የሚያፈርሰው እንዲሁ ነው። ዛፉ ከሁሉም ሰንሰለት የከፋ ቢሆን እንኳ ሥራው ከኖዱ ብዛት ጋር ብቻ ያድጋል፤ ስታክ የሚባል ነገር አይገባበትም።