የማያምን ሰው ሃይማኖታችንን ከእኛ በላይ ሲያውቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. 3,412 አሜሪካውያንን መርጦ ስለ ልዩ ልዩ ሃይማኖቶች 32 ጥያቄዎች ጠይቋቸው ነበር። ከፍተኛውን አማካይ ውጤት ያመጡት «እግዚአብሔር የለም» ወይም «መኖር አለመኖሩ አይታወቅም» የሚሉት ሆነው ተገኙ፤ በአማካይ 20.9 ጥያቄዎችን በትክክል መልሰዋል። አይሁድና ሞርሞኖች (በአሜሪካ የተነሣ ሃይማኖት ተከታዮች) በጥቂት ልዩነት ሲከተሏቸው ፕሮቴስታንቶች 16፣ ካቶሊኮች ደግሞ 14.7 ላይ ቀሩ። ከካቶሊኮቹ 45 በመቶ የሚሆኑት በቁርባን የሚቀርበው ኅብስትና ወይን በእውነት ሥጋና ደም እንደሚሆን ቤተ ክርስቲያናቸው የምታስተምር መሆኗን አያውቁም ነበር፤ ከፕሮቴስታንቶቹም ከግማሽ የሚበልጡት የተሐድሶውን ቀስቃሽ ማርቲን ሉተርን ለይተው መናገር አልቻሉም።

ውጤቱን ማጋነን ግን አይገባም። ስለ መጽሐፍ ቅዱስና ስለ ክርስትና ብቻ በቀረቡት 12 ጥያቄዎች ሞርሞኖችና «ወንጌላውያን» የሚባሉት ነጭ ፕሮቴስታንቶች ከማያምኑት በልጠው ተገኝተዋል፤ በጠቅላላው ውጤት ላይም ከሁሉ ይልቅ ልዩነት ያመጣው የትምህርት ደረጃ ነው። ስለዚህ አለማመን ዕውቀት ይሰጣል የሚል መደምደሚያ ከዚህ አይወጣም። ነገር ግን «አላምንም» ከሚሉት ብዙዎቹ በአማኝ ቤተሰብ ውስጥ ያደጉና እምነቱን ከመተዋቸው በፊት ስለ እርሱ ጠይቀው፣ አንብበውና አሰላስለው የተዉት ናቸው። እኛ ግን ከእናት ከአባታችን የተቀበልነውን ይዘን የምንኖር ነንና ያልጠየቅነው ብዙ ነው።

«ይህ የአሜሪካ ነገር ነው፤ እኛን አይመለከትም» የሚል ወንድም ይኖር ይሆናል። ይኸው ተቋም ስለ ኦርቶዶክሳውያን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሌላ ጥናት ከኢትዮጵያውያን ኦርቶዶክሳውያን 98 በመቶዎቹ ሃይማኖት በሕይወታቸው እጅግ አስፈላጊ እንደ ሆነ፣ 78 በመቶዎቹም በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄዱ ተናግረዋል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ነገር ግን የሚያሳየው ቅንዓታችንን ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ ወገኖቹ «በእውቀት አይቅኑ እንጂ ለእግዚአብሔር ቅንዓት እንዳላቸው እመሰክርላቸዋለሁ» ማለቱን ስናነብ ቃሉን ለአይሁድ ብቻ መተው ልማዳችን ሆኗል።

ቅዳሴያችንን እንመልከት። ካህኑ ከመቍረባችን በፊት «አአምን፣ አአምን፣ አአምን» (አምናለሁ) ብሎ ይመሰክራል፤ ይህ ሥጋ ክርስቶስ ከእመቤታችን የነሣው፣ ያለ መቀላቀልና ያለ መለወጥ ከመለኮቱ ጋር አንድ ያደረገው እንደ ሆነ እስከ መጨረሻዋ እስትንፋስ እንደሚያምን ይናገራል። በዚህች አጭር ጸሎት ውስጥ የሃይማኖታችን መሠረት ከሆኑት ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር ሁለቱ፣ ምሥጢረ ሥጋዌ (አምላክ ሰው የመሆኑ ምሥጢር) እና ምሥጢረ ቁርባን፣ ተጠቃልለው ይገኛሉ። እኛ በዚያች ሰዓት ነጠላችንን እናስተካክላለን፣ ልጆቻችንን ወደ ፊት እናስጠጋለን፤ (እውነቱን ለመናገር አንዳንዶቻችን ጫማችንን የት እንዳስቀመጥን እናስባለን።) ከደጅ ስንወጣ «ካህኑ ስለ ምን መሰከረ?» ብሎ የሚጠይቀን ቢኖር ስንቶቻችን እንመልሳለን?

በዚህ ጊዜ ብዙ ጊዜ የሚቀርብ ማጽናኛ አለ። ሄሮድስ ክርስቶስ ወዴት እንዲወለድ የካህናት አለቆችንና ጸሐፍትን በጠየቀ ጊዜ ያለ ስሕተት «በይሁዳ ቤተ ልሔም ነው» ብለው የነቢዩን ቃል ጠቅሰው መለሱለት፤ ይሁን እንጂ ከኢየሩሳሌም ቤተ ልሔም ቅርብ ሆና ሳለች ለመስገድ ሲሄዱ አናይም። ከሩቅ የመጡት ሰብአ ሰገል ግን ሄደው ሰገዱ። ስለዚህ ማወቅ ብቻውን አያድንም፤ ይህ እውነት ነው። እኔ ግን ይህ እውነት ላለማወቃችን መሸሸጊያ ሲሆን አልወድም። ሰብአ ሰገል ቤተ ልሔምን ያወቋት ከእነዚያ ካልሄዱት ሰዎች አፍ በወጣው ትክክለኛ መልስ ነው፤ ኮከቡ ዳግመኛ የታያቸውም ከዚያ በኋላ ነው። የማያምን ሊቅ መጽሐፋችንን በትክክል ቢያስረዳን መልሱን ልንንቀው አይገባም፤ የእኛ ድርሻ መልሱን ይዘን መሄድ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን ግን የራሳችን ሰው ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የሚነግረን የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬ ጃንደረባ ያመነ ሰው ነበር፤ ሊሰግድ እስከ ኢየሩሳሌም ሄዶ የሚመለስ፣ በንግሥቲቱ ገንዘብ ሁሉ ላይ የሠለጠነ ባለ ሥልጣን፣ የኢሳይያስን መጽሐፍ በሰረገላው ላይ ሆኖ ድምፁን አሰምቶ የሚያነብ። ፊልጶስ ሮጦ ደርሶ «በውኑ የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ሲለው፣ ገና ከስግደት የተመለሰ ሹም በእግሩ በመጣ በማያውቀው መንገደኛ ፊት «አዎን» ማለት ይቀለው ነበር። እርሱ ግን «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለ፤ ወደ ሰረገላውም ወጥቶ ከእርሱ ጋር እንዲቀመጥ ለመነው። ቀጥሎም የጠየቀው ግልጽ ነበር፦ ነቢዩ ይህን የሚናገረው ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ ሰው? ፊልጶስ ከዚያው ከመጽሐፉ ጀምሮ ስለ ኢየሱስ ሰበከለት፤ ውኃ ባዩ ጊዜም ጃንደረባው ሳይዘገይ «እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» አለ። 32 ጥያቄ አቅርቦ የሚቈጥር ጥናት እስከ ማንበብና እስከ መልስ ድረስ ይደርሳል፤ ወደ ውኃው መውረዱን አይለካም። ይሁን እንጂ ይህ ሰው ወደ ውኃው የወረደው የጠየቀውን ካስተዋለ በኋላ እንደ ሆነ አንርሳ።

ሆሴዕ «ሕዝቤ እውቀት ከማጣቱ የተነሣ ጠፍቶአል» ሲል ወቀሳው አስቀድሞ ወደ ካህኑ ነበር፤ እውቀትን የናቀው እርሱ ነውና። ስለዚህ የምናስተምር ሰዎች «ይህን አትጠይቅ» እያልን ልጆችን ዝም ማሰኘት አይገባንም። በተለይ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚያድጉት ልጆቻችን ትምህርት ቤት ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስን አንብቦ ያልተቀበለ ጓደኛ ይገጥማቸዋል፤ «አባቶቻችን እንዲህ አሉ» የሚለው ብቻውን አያቆማቸውም። ምእመናንም ወደ ንስሐ አባታችን ስንሄድ ስለ ጾምና ስለ ቀኖና ብቻ መጠየቃችንን ትተን፣ በቅዳሴ ሰምተን ካልገባን ነገር አንዱን ይዘን እንሂድ፤ ለምሳሌ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ለምን እንደምትጠመቅ፣ ወይም ካህኑ «አአምን» ሲል ስለ ምን እንደሚመሰክር። አባታችን ወዲያው ባይመልሱልን «መጽሐፍ አይቼ እነግርሃለሁ» ማለታቸው ነውር አይደለም፤ እኛም በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሰን እንጠይቃቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።