ስለ ስቶርም ኮንትሮል የምንሰማቸው ስህተቶች እና እውነታው

ባሕር ዳር ስብሰባ የማይጠፋባት ከተማ ናት። በጣና ዳር ሆቴሎች አዳራሽ ውስጥ፣ ጠረጴዛ ሥር የምትወሸቅ፣ ኮምፒውተሮችን በኬብል የምታገናኝ ባለ 8 ፖርት (መሰኪያ) ትንሽ ስዊችም አትጠፋም። አንዱ ተሰብሳቢ ሳያስተውል የኬብሉን ሁለት ጫፍ እዚያችው ላይ ይሰካል። ወዲያው እንግዳ መቀበያው "ሲስተም የለም" ማለት ይጀምራል። የኢተርኔት ፍሬም (በኬብሉ የሚሄደው የዳታ ጥቅል) ስንት ጊዜ እንደዞረ የሚቆጠርበት ነገር የለውም። እንዲህ ያለ ሉፕ (ዙሪያ የገጠመ መንገድ) ውስጥ ከገባ ይዞራል፣ ይባዛል፣ መስመሩን ይሞላል።

ወደ ስዊች ፖርት የሚገባውን የትራፊክ ጎርፍ የሚገድበው ስቶርም ኮንትሮል ለዚህ ነው የተሠራው። ስለ እሱ የሚባለው ግን ሁሉም ልክ አይደለም።

"አዲስ ስዊች ላይ በራሱ ይሠራል።" በሲስኮ ካታሊስት ስዊቾች ላይ ካልነካችሁት ጠፍቶ ነው የሚቀመጠው። ማብራት የእናንተ ሥራ ነው።

"ስፓኒንግ ትሪ ካለ አያስፈልግም።" ስፓኒንግ ትሪ ሉፕ ፈልጎ የሚዘጋ የስዊች ሥርዓት ነው፤ ሉፕን የሚያውቀው ቢፒዲዩ የሚባለውን መልእክት እየላከና እየተቀበለ ነው። አንዳንድ ርካሽ ስዊች ደግሞ ይህን መልእክት አያሳልፍም። የተበላሸ የኔትወርክ ካርድም ያለ ምንም ሉፕ ብሮድካስት (ለሁሉም የሚላክ መልእክት) ሊያጎርፍ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱም ይኑሩ። በዚያ ላይ ስቶርም ኮንትሮል ጎርፉን ይገድባል እንጂ ሉፑን አይፈታም። ኬብሉን ሄዶ የሚነቅል ሰው ያስፈልጋል።

"ገደቡን ከፖርቱ አቅም 1 ከመቶ ካልኩ ጥብቅ ነው።" እስቲ እናስላው። በ1 ጊጋቢት ፖርት ላይ 1 ከመቶ ማለት በሰከንድ 10 ሜጋቢት ነው። ትንሹ ፍሬም 64 ባይት ነው፤ ከፍሬሙ በፊት የሚላከው ፕሪአምብልና በፍሬሞች መካከል ያለው ክፍተት ሲታሰቡ በሰከንድ ወደ 14,880 ፍሬም ይሆናል። ይህ ሁሉ የኤአርፒ ጥያቄ ("ይህ አድራሻ የማን ነው?" የሚል ብሮድካስት) ከሆነ ለአንድ የድሮ ፕሪንተር መከራ ነው። እኔ ስዊቹ ከቻለ በመቶኛ ፈንታ በሰከንድ የፓኬት ብዛት መገደብን እመርጣለሁ።

"እንግዲያው ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ይሻላል።" የሚያስቸግረው ይሄኛው ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ምን እንደሚሆን አስቡ። የሕንፃው ኮምፒውተር ሁሉ አንድ ላይ ይነሳል፣ ሁሉም በዲኤችሲፒ (አድራሻ በሚያድለው አገልግሎት) አድራሻ ይጠይቃል፣ በኤአርፒ ይፈላለጋል። ይህ ሁሉ ብሮድካስት ነው፤ ጤነኛ ነው። ገደቡ ከጠበበና ገደቡ ሲታለፍ የሚወሰደው እርምጃ ሻትዳውን (ፖርቱን መዝጋት) ከሆነ መብራቱ መጥቶ ኔትወርኩ ይቀራል። አንድ ኮምፒውተር የተሰካበት ፖርትና አንድ ፎቅ ሙሉ የሚመጣበት ፖርትም እኩል ገደብ አይገባቸውም። መጀመሪያ ሰፋ አድርጉና በሥራ ሰዓት "ሾው ስቶርም-ኮንትሮል" ብላችሁ የወቅቱን መጠን እዩ። የጓደኛ ኮንፊግ (የስዊች ቅንብር) መገልበጥ እዚህ ላይ አያዋጣም።

"ገደቡ ካለፈ ፖርቱ ይዘጋል።" እናንተ ሻትዳውን ካላላችሁ አይዘጋም። ትራፊኩ ከታችኛው ገደብ (እሱን ካላስቀመጣችሁ ከዋናው ገደብ) በታች እስኪወርድ ያ ዓይነት ትራፊክ ይጣላል። ሻትዳውን ካላችሁ ግን ፖርቱ ኤረር-ዲሴብልድ (በስህተት ምክንያት የተዘጋ) ይሆናል፣ በራሱም አይመለስም። እንዲመለስ ከፈለጋችሁ ኤረር-ዲሴብል ሪከቨሪን አብሩ፤ ካልቀየራችሁት 300 ሰከንድ ይጠብቃል።

"ዩኒካስትንም አብሬ ልገድብ።" ዩኒካስት ለአንድ ተቀባይ ብቻ የሚላከው ነው፤ ቀስ በሉ። ብዙ የቆዩ ካታሊስቶች መድረሻው የማይታወቀውን ብቻ ሳይሆን ዩኒካስት የሆነውን ሁሉ ይቆጥራሉ። ማታ የሚሠራው ባክአፕ ሳይታሰብ ይቆራረጣል።

"የትም ፖርት ላይ ቢሆን ያው ነው።" አይደለም፤ የሚቆጠረው ወደ ፖርቱ የሚገባው ትራፊክ ነው። የአዳራሹን ሉፕ ለመያዝ ገደቡ መቀመጥ ያለበት ከአዳራሹ የመጣው ኬብል በተሰካበት ፖርት ላይ ነው።